ዘረመላችን ውስጥ የሚገባው ክትባቱ ነው ወይስ ቫይረሱ?

የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በየትምህርት ቤቱ ሊሰጥ ሲቃረብ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ አይቀርም፦ «ዶክተር፣ ክትባቱ የልጄን ዘረመል ይቀይራል የሚባለው እውነት ነው ወይ?» መልሱ አጭር ነው፤ አይቀይርም። አጭር መልስ ግን የሰጋ ወላጅን አያሳርፍም። ስለዚህ ዛሬ ረዘም ያለውን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የሰው ዘረመል ውስጥ ገብቶ ራሱን የሚጽፍ ነገር በእርግጥ አለ። እሱ ክትባቱ ሳይሆን ክትባቱ የሚከላከለው ቫይረስ ነው። ይህን አጣርቶ ለማወቅ ከ70 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከአንዲት ዶሮ ነው። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1909 ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር የምርምር ተቋም ደረቷ ላይ ዕጢ ያወጣች ዶሮ መጣች። የተቀበላት ፔይተን ራውስ የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር። ራውስ ዕጢውን ፈጨውና ህዋስም (ሴልም) ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ረቂቅ ማጣሪያ አጠለለው። ከማጣሪያው በታች የወረደውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮዎችን ሲወጋበት እነሱም ያንኑ ካንሰር አወጡ። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ነገር ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በዘመኑ ማይክሮስኮፕ የማይታይ ነበር። ዛሬ ቫይረስ እንለዋለን። ውጤቱን በ1911 አሳተመ፤ ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም። በተህዋስያን የሚመጣ ካንሰር አለ ማለት ያኔ የሚታመን ነገር አልነበረም፤ የዶሮ በሽታ ለዶሮ ተብሎ ታለፈ። ራውስ ለዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1966 ነው፤ በ87 ዓመቱ። ረጅም ዕድሜ ባይታደል ኖሮ ሽልማቱን ሳያይ ይሞት ነበር።

በ1933 ደግሞ ሪቻርድ ሾፕ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ቀንድ አወጡ» የተባለላቸውን የዱር ጥንቸሎች መረመረ። ቀንድ አልነበረም፤ ቫይረስ ያበቀለው ትልልቅ ኪንታሮት ነው። (በአማርኛ ኪንታሮት ስንል የፊንጢጣውንም ስለሚጨምር እንዳትደናገሩ፤ እዚህ የማወራው እጅና እግር ላይ ስለሚወጣው፣ ቆዳን ስለሚያሻክረው ነው።) ራውስም ተከታትሎ እንዳሳየው ከእነዚህ የጥንቸል ኪንታሮቶች አንዳንዶቹ እየቆዩ ወደ ካንሰር ይለወጣሉ። ቫይረሱ ፓፒሎማ ቫይረስ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። በሰው ላይ የሚገኙት ዘመዶቹ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ፣ ይባላሉ። ከ200 በላይ ዓይነት አላቸው፤ አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም፣ ወይም ተራ ኪንታሮት አውጥተው ይተዋሉ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው።

በሰው በኩል ፍንጩ ከዶሮዋም የቀደመ ነበር። ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በቬሮና ከተማ ከ1760 እስከ 1839 የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ በ1842 አንድ ነገር አስታወቀ። የማህፀን ካንሰር ባገቡና ባል በሞተባቸው ሴቶች ላይ ይበዛል፤ በሴት መነኮሳት ላይ ግን ብርቅ ነው። በሽታው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ነገር ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ብሎ ለማሰብ ይህ በቂ ነበር። ነገርየው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ 140 ዓመት ገደማ አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ቫይረስ ገብቶ፣ አሞ፣ ይወጣል። ካንሰር ግን ቫይረሱ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቫይረሱ የት ነው የሚቆየው? በ1968 ሬናቶ ዱልቤኮና ባልደረቦቹ መልሱን ላቦራቶሪ ውስጥ አገኙት። ኤስ ቪ 40 የተባለ የዝንጀሮ ቫይረስ ወደ ካንሰርነት በለወጣቸው ህዋሳት ውስጥ የቫይረሱ ዲ ኤን ኤ ከህዋሱ ዲ ኤን ኤ ጋር ተሰፍቶ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ለመረዳት ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊን አስቡ። ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ዘረመሉን በሙሉ፣ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል፣ ገልብጦ ለልጆቹ ያወርሳል። አንድ ባዕድ ሰው ሌሊት ገብቶ ከዋናው ቅጂ መካከል ጥቂት መስመር ቢጽፍ፣ ጸሐፊው የእሱም ሆነ የባዕዱ ብሎ አይለይም። እንዳለ ይገለብጣል። ከዚያ ቅጂ የተቀዳው ሁሉ ያንን መስመር ይዞ ይሄዳል። የጻፈው ሰው ከጠፋ በኋላም ጽሑፉ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማህፀን በር እንመለስ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አብዛኛው ተመራማሪ የጠረጠረው ሄርፐስን ነበር፤ ከንፈር ላይ «ምች መታኝ» የምንልበትን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ ወንድም የሆነውን፣ ብልት ላይ የሚወጣውን ዓይነት። ሃራልድ ትሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ግን የማህፀን በር ዕጢዎችን ወስዶ የሄርፐስ ዲ ኤን ኤ ፈለገባቸው፤ አላገኘም። ይህንኑ በ1974 ፍሎሪዳ በተደረገ ስብሰባ ላይ ተናገረ። ጉባኤው በዝምታ ነበር ያለፈው። እሱ ግን የብልት ኪንታሮት አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር መለወጡን ከድሮ የሕክምና ጽሑፎች አንብቦ ስለነበር ኪንታሮት የሚያመጣውን ቫይረስ ለመፈለግ ቆረጠ። ወደ 10 ዓመት የሚሆን ጊዜ ፈጀበት። በ1983 እሱና ተማሪዎቹ ኤች ፒ ቪ 16 ብለው የሰየሙትን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ኤች ፒ ቪ 18ን ከማህፀን በር ዕጢ ውስጥ አወጡ። ዛሬ እንደምናውቀው በዓለም ላይ ካለው የማህፀን በር ካንሰር ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ነው። ትሱር ሃውዘን ያገኘውን ዲ ኤን ኤ ለራሱ አልደበቀውም፤ ለጠየቀው ላቦራቶሪ ሁሉ ላከ። እኔ ከኖቤሉ ይልቅ የማከብረው ይህን ነው። ኖቤሉ በ2008 መጣ።

ኤች ፒ ቪ 18 ከተገኘባቸው ህዋሳት መካከል ደግሞ በዓለም ታዋቂ የሆኑት ይገኙበታል። በ1951 መጀመሪያ ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት፣ የ5 ልጆች እናት፣ ደም እየፈሰሳት ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። የማህፀን በር ካንሰር ነበረባት። ሐኪሞቹ ሳያስፈቅዷት ከዕጢዋ ቆንጥረው ለምርምር ሰጡ። እሷ በዚያው ዓመት ጥቅምት 4 ቀን በ31 ዓመቷ ሞተች። ህዋሶቿ ግን ከዚያ በፊት ከሰው ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሞከረው ሁሉ በተለየ መራባት አላቆሙም። ሄላ በሚል ስም በመላው ዓለም ተሰራጩ፤ የፖሊዮ ክትባት ሲሠራ ተሞክሮባቸዋል፤ ዛሬም እየተራቡ ነው። ቤተሰቦቿ ይህን ያወቁት ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ያ በደል ነው፤ በሌላ ቀን ራሱን ችሎ ሊነሳ የሚገባው። ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ሄንሪየታ ከሞተች ከ33 ዓመት በኋላ በህዋሶቿ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ፤ ያውም በእንግድነት ሳይሆን ዘረመሏ ውስጥ ተሰፍቶ።

በ1985 የትሱር ሃውዘን ቡድን የተሰፋውን ቁራጭ ሲያነብ አስገራሚ ነገር አየ። ቫይረሱ በሙሉ አልነበረም። የኤች ፒ ቪ ዘረመል በጣም ትንሽ ነው፤ ወደ 8,000 ፊደል ብቻ ያለው ክብ ቀለበት። ቀለበቱ ካልተቆረጠ ሰው ዘረመል ውስጥ ሊሰፋ አይችልም። ሲቆረጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ኢ 2 የሚባለው ጂን ነው። ኢ 2 እንደ ልጓም ነው፤ ኢ 6 እና ኢ 7 የተባሉትን ሁለት ጂኖች ያዝ አድርጎ ያቆያቸዋል። ልጓሙ ሲበጠስ ሁለቱ ያለ ከልካይ መሥራት ይጀምራሉ። ዕጢዎቹ ውስጥ ሌላው የቫይረሱ ክፍል ጎደለም አልጎደለ እነዚህ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ ነበሩ፤ ይሠሩም ነበር።

ምን ይሠራሉ? እያንዳንዱ ህዋስ ዘበኞች አሉት። አር ቢ የሚባለው ህዋሱ ያለ ጊዜው እንዳይከፈል በሩን ይዞ ይቆማል። ፒ 53 የሚባለው ደግሞ ዘረመል ሲበላሽ አይቶ ወይ እንዲጠገን ያስቆማል፣ ወይ ህዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በ1989 እና በ1990 እንደታወቀው ኢ 7 አር ቢን ይይዘዋል፤ ኢ 6 ደግሞ ፒ 53ን ለህዋሱ ቆሻሻ ማስወገጃ አሳልፎ ይሰጠዋል። ሁለቱም ዘበኞች ከሥራ ውጭ ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ህዋሱ ይከፈላል፤ ሲከፈል የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርም የለም፤ ስህተት በስህተት ላይ ይከመራል። ይህ መከመር ጊዜ ይወስዳል። ጤነኛ የመከላከል አቅም ባላት ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ አቅሟ በተዳከመ ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት።

ልብ በሉ፣ ይህ ለቫይረሱም አይጠቅመውም። ቀለበቱ ተቆርጦ የተሰፋ ቫይረስ ተራብቶ ወደ ሌላ ሰው መሄድ አይችልም። ካንሰሩ ለእሱም የሞት መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜም እዚህ አይደረስም፤ ኤች ፒ ቪ ከያዛቸው ሴቶች 10 ውስጥ ወደ 9ኙ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነታቸው ራሱ ያጠፋዋል። አደጋው ለዓመታት አልወጣም ያለው ነው።

በ2000 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሄላን ህዋሳት ይዘው አንድ ሙከራ አደረጉ። የተበጠሰውን ልጓም፣ ኢ 2ን፣ መልሰው አስገቡላቸው። ኢ 6 እና ኢ 7 ዝም አሉ። ያን ጊዜ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ታስረው የነበሩት የሄንሪየታ ዘበኞች ነቁ፤ ፒ 53ም አር ቢም ሥራቸውን ጀመሩ፤ 50 ዓመት ያለ እረፍት ሲከፈሉ የኖሩ ህዋሳት መከፈል አቆሙ። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ያ ሁሉ ካንሰር ከ50 ዓመት በኋላም በሁለት የቫይረስ ጂኖች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ወደ ሕክምና ለመለወጥ ግን ገና ነው፤ ሰውነት ውስጥ ያለን ዕጢ እያንዳንዱን ህዋስ እየደረሱ እንዲህ ማድረግ አልተቻለም።

የዘረመል ንባብ ርካሽ ሲሆን ደግሞ ቫይረሱ የሚገባበትን ቦታ ፊደል በፊደል ማየት ተቻለ። በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በሄላ ውስጥ ቫይረሱ የተሰፋው 8ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ሚክ ከተባለ ህዋስን ለመከፈል ከሚያነሳሳ ጂን ግማሽ ሚሊዮን ፊደል ያህል ርቆ ነው። ዲ ኤን ኤ ስለሚጠቀለል ርቀቱ ጎረቤት ከመሆን አላገደውም፤ ሚክን ቀሰቀሰው። ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት ነው፦ አንዱ ቫይረሱ ይዞት የገባው ጂን፣ ሌላው የገባበት ቦታ። በ2017 በብዙ ማዕከላት ትብብር የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ ኤች ፒ ቪ 18 ባለባቸው ዕጢዎች ሁሉ፣ ኤች ፒ ቪ 16 ካለባቸው ደግሞ በ76 በመቶው ውስጥ ቫይረሱ ተሰፍቶ አግኝቷል። በተሰፋበት አካባቢ የሰው ዲ ኤን ኤ ሲባዛ፣ ሲቆረጥና ሲገለባበጥ ይታያል። የሰው ህዋስ 46 ክሮሞሶም ሊኖረው ሲገባ የሄላ ህዋስ ከ70 በላይ አለው። ሌላም ነገር አለ፤ አፖቤክ የሚባሉ፣ ህዋሱ ቫይረስን ለመዋጋት የሚያሰማራቸው ኢንዛይሞች፣ ቫይረሱን ሲያሳድዱ የገዛ ዘረመላችንንም ያቆስላሉ። ጠባሳቸው ዕጢው ውስጥ ይነበባል።

የጉበት ቫይረስ ቢም እንዲሁ የጉበት ህዋስ ዘረመል ውስጥ ይሰፋል፤ በጉበት ካንሰርም ውስጥ ይገኛል። ልጆቻችሁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ውስጥ የእሱም መከላከያ አለበት። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ።

እንግዲህ ክትባቱ። ትሱር ሃውዘን በ1980ዎቹ ስለ ክትባት የመድኃኒት አምራቾችን ሲያነጋግር ፍላጎት አላገኘም ነበር። መንገዱን የከፈቱት በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዡ ናቸው። በ1991 የቫይረሱን ዘረመል ትተው የውጭ ቅርፊቱን ፕሮቲን ብቻ ላቦራቶሪ ውስጥ አመረቱ። ፕሮቲኑ ራሱ በራሱ ተገጣጥሞ ቫይረስ የሚመስል ባዶ ኳስ ሠራ። ውስጡ ዲ ኤን ኤ የለም። ኢ 6 የለም፣ ኢ 7 የለም። የሚሰፋ ነገር የለውም፤ ልክ ፍሬው ወጥቶ እንደቀረ ቅርፊት ነው። ሰውነት ግን ቅርፊቱን አይቶ ይለየዋል፣ ዋናው ሲመጣም በር ላይ ይቀበለዋል። ዡ በ1999 ስላረፈ ክትባቱ በ2006 ሲፈቀድ አላየም።

«ታዲያ መሃን ያደርጋል የሚሉትስ?» አያደርግም። እኛ ሐኪሞች ማህፀን የምናወጣው ካንሰሩ ሲመጣ ነው።

ውጤቱን ደግሞ አሁን እያየን ነው። በ2020 በስዊድን ወደ 1.7 ሚሊዮን በሚጠጉ ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። በ2024 ከስኮትላንድ የወጣው ደግሞ በ12 እና በ13 ዓመታቸው በተከተቡት ውስጥ አንድም የማህፀን በር ካንሰር አልተመዘገበም አለ። በአገራችን ክትባቱ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ ለወጣት ሴቶች አንድ መርፌም በቂ ሊሆን እንደሚችል አስታውቋል፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት «ሁለት ጊዜ» ተብሎ የሰማችሁት ተለውጦ ብታገኙት አትደናገጡ። በአካባቢያችሁ አሁን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሰጥ የጤና ጣቢያውን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ።

«ገና ልጅ ናት፣ ትንሽ ትቆይ» የምትሉ ወላጆች፣ ዕድሜው ለምን ዝቅ እንዳለ ከላይ ካነበባችሁት ታገኙታላችሁ። ክትባቱ ቫይረሱን በር ላይ ይመልሳል፤ ገብቶ የተሰፋውን ግን መፍታት አይችልም። ቅድሚያ መገኘት አለበት።

ለእናቶች ደግሞ ምርመራው አለ። 30 ዓመት የሞላሽ እህቴ፣ ምንም ሳያምሽ ሂጂ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚደረገው ቀላል ነው፤ የማህፀን በሩ አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ ይቀባና ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቦታ ይታያል። ያ ነጭ ቦታ ብዙውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ለውጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይታከማል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው 6 እጥፍ ስለሆነ ከ25 ዓመታቸው ጀምረው ቶሎ ቶሎ መታየት አለባቸው። ከግንኙነት በኋላ ደም፣ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በማግስቱ ሐኪም ጋ መቅረብ ነው።

አንድ ነገር ለባሎችም ልጨምር። ምርመራዋ ኤች ፒ ቪ አለ ቢል ወስልታለች ማለት አይደለም፤ ወስልተሃል ማለትም አይደለም። ቫይረሱ ከጋብቻ በፊት ገብቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ማን አመጣው በሚል ጠብ የሕክምና ቀጠሮ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ውጤቱን ይዛችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።